በወረቀት ላይ ሦስት፣ በጋኑ ውስጥ አራት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2007፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ጃክሰንቪል ከተማ ባለ አንድ አነስተኛ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ኦፕሬተር ለባለቤቶቹ አስደወለ። ማቀዝቀዣው ችግር ገጥሞታል፣ ቶሎ ተመለሱ የሚል መልእክት ነበር። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኬሚስት፣ አንዱ የኬሚካል መሐንዲስ። መጡ። አንደኛው ኦፕሬተሩን ሊያግዝ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገባ። 7 ሰዓት ከ33 ሲል ሪአክተሩ፣ ማለትም ኬሚካሎቹ የሚነካኩበት ጋን፣ ፈነዳ። ከስልኩ እስከ ፍንዳታው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

አራት ሰዎች ሞቱ፣ 32 ቆሰሉ። ከቆሰሉት 28ቱ የፋብሪካው ሠራተኞች እንኳን አልነበሩም፤ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ድርጅቶች የዕለት ሥራቸውን እየሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የሪአክተሩ ስብርባሪ እስከ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ድረስ ተወረወረ። የፍንዳታው ጉልበት ከ1,400 ፓውንድ፣ ወይም ከ635 ኪሎ ግራም ገደማ ቲኤንቲ ፈንጂ ጋር እኩል ሆኖ ተሰላ።

ድርጅቱ ቲ2 ላቦራቶሪስ ይባላል። የሚሠራው የቤንዚን ኦክቴን የሚያሳድግ የማንጋኒዝ ውህድ ነበር። ሙሉ ስሙ ምላስ ያስራል፦ ሜታይልሳይክሎፔንታዳይኢናይል ማንጋኒዝ ትራይካርቦኒል። በምህጻረ ቃል ኤምሲኤምቲ ይሉታል፣ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እላለሁ። የዚያን ዕለት የተጀመረው 175ኛው ዙር ነበር። 174 ጊዜ ተሠርቶ የወጣ ነገር ነው እንግዲህ።

ይህን ጉዳይ የማነሳው የኢንዱስትሪ ደኅንነት ሳስተምር ሳይሆን የሪአክሽን ዓይነቶችን ሳስተምር ነው። መጀመሪያ ላይ ግንኙነቱ አይታይም። «የሪአክሽኑን ዓይነት ለይ» የሚል ጥያቄ ሁላችንም እናውቃለን። እኩልታው ተጽፎ ይመጣል፤ ከግራ ሁለት፣ ከቀኝ አንድ ከሆነ ውህደት፤ ከግራ አንድ፣ ከቀኝ ሁለት ከሆነ መፈራረስ፤ አንድ ንጥረ ነገር ሌላውን ከውህዱ አስወጥቶ ቦታውን ከያዘ ነጠላ ምትክ፤ ሁለት ውህዶች አጋር ከተለዋወጡ ድርብ ምትክ፤ ኦክስጅን ገብቶ እሳት ከወጣ ቃጠሎ። ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ጥያቄ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ተማሪው ግን ያላየው አንድ ነገር አለ፤ እኩልታውን ሌላ ሰው ጽፎለታል። ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ ሌላ ሰው ወስኖለታል። ቲ2 ውስጥ ሦስት እኩልታዎች ተጽፈው ነበር፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ጋኑን ያፈነዳው ያልተጻፈው ነው።

የመጀመሪያው፦ ሶዲየም ሃይድሮጅንን ሲያስወጣ

ሪአክተሩ 2,450 ጋሎን፣ ወደ 9,300 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ግፊት የሚችል ወፍራም የብረት ጋን ነው። መጀመሪያ ሁለት ፈሳሾች ይገቡበታል። አንደኛው ሜታይልሳይክሎፔንታዳይኢን ነው፤ አምስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው አንድ ሜታይል እንደ ጅራት የተንጠለጠለበት ሃይድሮካርቦን። ለአጭሩ «ቀለበቱ» ልበለው። ሁለተኛው ዳይግላይም የሚባል ኤተር ነው፤ ሥራው ማሟሟት ብቻ ነው ተብሎ የገባ። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ጋኑ አናት ላይ ባለ የ15 ሴንቲ ሜትር ቫልቭ በኩል የሶዲየም ብረት ጡቦችን በእጁ እየጨመረ ያስገባል። ቫልቩ ይዘጋል፣ ትኩስ ዘይት በቧንቧ እየዞረ ጋኑን ማሞቅ ይጀምራል።

ሙቀቱ 99 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማማሰያው ይበራል። ለምን 99? ሶዲየም በ98 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ነው። ከዚያ በፊት ማማሰያውን ማብራት ጡብ በብረት ምላስ መምታት ነው። ሶዲየሙ ከቀለጠ በኋላ በጠብታ እየተበታተነ ከቀለበቱ ጋር ይነካካል፦

ሶዲየም + ሜታይልሳይክሎፔንታዳይኢን → ሶዲየም ሜታይልሳይክሎፔንታዳይኢናይድ + ሃይድሮጅን ጋዝ

ስሞቹ ረዥም ስለሆኑ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ስሞቹን ሸፍኖ ቅርጹን ማየት ነው። ብቻውን የነበረ ብረት ውህድ ውስጥ ገባ፤ ውህድ ውስጥ የነበረ ሃይድሮጅን ብቻውን ወጣ። ነጠላ ምትክ ነው። ሶዲየም ውሃ ላይ ሲጣል ከምናየው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ቁራጩ ወዲያው ቀልጦ ክብ ኳስ ይሆናል፣ እየፏጨ ውሃው ላይ ይሯሯጣል፣ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ አንዳንዴም ሃይድሮጅኑ ይቀጣጠላል። የማግኒዥየም ሪባን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት የሙከራ ቱቦ ውስጥ ሲገባም ያው ነው፤ አረፋው ይንተከተካል፣ ቱቦውን የያዘ እጅ ደግሞ ከሰከንዶች በኋላ መሞቁን ይናገራል። በነጠላ ምትክነቱ ላይ ሬዶክስም ነው፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሪአክሽን፤ የሶዲየም የኦክሲዴሽን ቁጥር ከ0 ወደ +1 ሲወጣ የሃይድሮጅኑ ከ+1 ወደ 0 ይወርዳል። አንድ ሪአክሽን ሁለት ስም መያዙ ስህተት አይደለም። የዓይነቶቹ ሳጥኖች እርስ በርስ የተደራረቡ ናቸው፣ ይህን ቶሎ ማመን ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ጠንቃቃ ተማሪ ግን እዚህ ጋ እጁን ማውጣት አለበት። ሶዲየምን በላቦራቶሪ የምናስቀምጠው ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ ሃይድሮካርቦን ነው፣ ሃይድሮጅን ሞልቶታል፣ ሶዲየሙም ለዓመታት ምንም ሳይሆን ይቀመጣል። ታዲያ ቀለበቱም ሃይድሮካርቦን ሆኖ ሳለ ለምን ሃይድሮጅኑን ይሰጣል?

መልሱ ሃይድሮጅኑ ሲሄድ በሚቀረው ነገር ላይ ነው። ይህ ባለ አምስት ካርቦን ቀለበት አንድ ሃይድሮጅን እንደ ፕሮቶን ሲለቅ ስድስት ኤሌክትሮኖች ቀለበቱን በሙሉ ይዞሩታል፤ ልክ ቤንዜን በሚባለው መዓዛማ ቀለበት ውስጥ እንዳሉት ስድስቱ። ያ አቀማመጥ በጣም የተረጋጋ ስለሆነ ሃይድሮጅኑን መልቀቅ ይቀለዋል። አሲድነቱን ብንለካው ከአልኮል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ «ሃይድሮካርቦን ከሶዲየም ጋር አይነካካም» የሚለው ደንብ ለማስቀመጫው ዘይት ይሠራል፣ ለዚህ ቀለበት አይሠራም። የነገሮችን የቤተሰብ ስም ብቻ አይቶ «ይህ ምንም አይሆንም» ማለት የሚያመጣውን ጣጣ ከታች እንደገና እናየዋለን፤ ያኔ ግን ዋጋው ከባድ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው

እነዚህን በፍጥነት ላልፋቸው እችላለሁ፤ በዚያን ዕለት ሁለቱም አልተደረሰባቸውም። ሁለተኛው ላይ ማንጋኒዝ ክሎራይድ ይጨመራል። ሶዲየም ከክሎራይድ ጋር፣ ማንጋኒዝ ከቀለበቱ ጋር ይጣመራሉ፤ አጋር መለዋወጥ ነው፣ ድርብ ምትክ። የማንም የኦክሲዴሽን ቁጥር አይለወጥም፣ ስለዚህ ሬዶክስ አይደለም። ትርፉ ተራው ሶዲየም ክሎራይድ ነው።

ሦስተኛው ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ በግፊት ይገባል። ይሄኛው አታላይ ነው። ጋዙ ገብቶ ማንጋኒዙ ላይ ስለሚለጠፍ አብዛኛው ሰው «ውህደት» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ከሁለተኛው ደረጃ የመጣው ማንጋኒዝ የያዘው ሁለት ቀለበት ነው፣ የመጨረሻው ምርት ላይ ያለው አንድ ብቻ። ሦስት ካርቦን ሞኖክሳይዶች ሲገቡ አንድ ቀለበት ወጥቷል። ምትክ ነው እንጂ ንጹሕ ውህደት አይደለም፤ ማንጋኒዙም ከ+2 ወደ +1 ስለወረደ ሬዶክስ ነው። ምን ገባ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ምን ወጣ የሚለውንም የሚቆጥር ተማሪ ነው ይህን የሚይዘው።

ሙቀቱ ማን ይወስደዋል

ወደ መጀመሪያው ደረጃ እንመለስ። ሙቀቱ 149 ዲግሪ ሲደርስ ኦፕሬተሩ ማሞቂያውን ያጠፋል። ከዚህ በኋላ ሪአክሽኑ ራሱን ያሞቃል፤ ሙቀት አመንጪ ነውና። 182 ዲግሪ ሲደርስ ማቀዝቀዣው ይከፈታል። ማቀዝቀዣው ጋኑን እንደ ካፖርት በከበበው ጃኬት ውስጥ የሚገባ ተራ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ውሃው ጃኬቱ ውስጥ ፈልቶ በእንፋሎት ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በብረት ግድግዳው አንድ ወገን ቀልጦ የሚንቀሳቀስ ሶዲየም፣ በሌላው ወገን የሚፈላ ውሃ። ይህን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስስለው ክፍሉ ዝም ይላል። እርግጥ ነው አደጋውን ያመጣው ግድግዳው ተበስቶ አይደለም።

አደጋውን ያመጣው ማቀዝቀዣው በበቂ መጠን አለመሥራቱ ነው። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነትና የአደጋ ምርመራ ቦርድ መርማሪዎች የትኛው ክፍል እንደተበላሸ በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም፤ ጋኑ ተበታትኗል። ውሃው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፣ ቫልቭ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ቧንቧ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። እነሱ የረገጡት ነጥብ ሌላ ነው፦ ተጠባባቂ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ከእነዚህ ከየትኛውም አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛ መንገድ የለም።

የሪአክሽን ዓይነት መለየት ለሙቀት የሚሰጠው ፍንጭ አለ፣ ግን እስከተወሰነ ድረስ ነው። ቃጠሎ ሙቀት ያወጣል። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። ንቁ ብረት ሃይድሮጅን ሲያስወጣ ሙቀት ይወጣል። «መፈራረስ ግን ሙቀት ይወስዳል» የሚባለውን ደንብ እኔ ማስተማር አቁሜአለሁ። ለካልሲየም ካርቦኔት ልክ ነው፤ እሳት ካልሰጡት አይፈርስም። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲፈርስ ግን ሙቀት ያወጣል፣ አሞኒየም ናይትሬትም ሲጋል ፈርሶ ከተማ ሊያናጋ ይችላል። የዓይነቱ ስም አቶሞች እንዴት እንደተደረደሩ እንጂ ጉልበቱ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም።

ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። በጣም ሻካራ በሆነ ግምት፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ሪአክሽኖች ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ማቀዝቀዣ የሚወስደው ሙቀት ግን እጥፍ እጥፍ እያለ አያድግም፤ በጋኑና በማቀዝቀዣው መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ብቻ ቀስ ብሎ ይጨምራል። አንደኛው እየሮጠ ሌላው በእርምጃ ይከተለዋል። የሚገናኙበት ነጥብ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ኬሚካል መሐንዲሶች ከቁጥጥር የወጣ ሪአክሽን ይሉታል።

አራተኛው

አሁን እዚህ ጉዳይ ውስጥ ማንም ያልቆጠረው ዳይግላይም ላይ ደርሰናል።

ዳይግላይም ለምን እንደተመረጠ መረዳት አያስቸግርም። ኤተር ነው። ኤተሮች ከሶዲየም ጋር ተስማምተው ይኖራሉ የሚባሉ ናቸው፤ እንዲያውም ኬሚስቶች ኤተርን ከእርጥበት ለማጽዳት ሶዲየም ጨምረው ሲያጣሩት የኖሩ ናቸው። እንደ ቀለበቱ በቀላሉ የሚለቀቅ ሃይድሮጅን የለውም። ቀለበቱንም፣ የሚፈጠረውንም የሶዲየም ጨው ያሟሟል። መደበኛው የመፍያ ሙቀቱ 162 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በግፊት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በእኩልታው ውስጥ ስሙ የለም። አሟሚ ነው፣ ተመልካች ነው፣ ከቀስቱ በላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም አይጻፍም።

የምርመራ ቦርዱ ባለሙያዎች ይኸንኑ ቅይጥ በትንሽ የመሞከሪያ ጣሳ ውስጥ አድርገው፣ ሙቀቱና ግፊቱ በየቅጽበቱ እየተመዘገበ አሞቁት። በሚጠበቀው ቦታ ላይ የመጀመሪያው ሙቀት ማመንጨት ታየ፤ ያ ሶዲየምና ቀለበቱ ናቸው። ሙቀቱ እንዳይቀንስ ተደርጎ ሲቀጥል 199 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁለተኛ ሙቀት ማመንጨት ተነሳ፤ ከመጀመሪያው እጅግ የበረታ። ይሄኛው ሶዲየም ከዳይግላይም ጋር ነው። «ተመልካች» የተባለው አሟሚ ራሱ ተሰባበረ፣ ሙቀትና ጋዝ ለቀቀ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ማቀዝቀዣ የሚከፈትበት 182፣ አራተኛው ሪአክሽን የሚነቃበት 199። መካከላቸው 17 ዲግሪ ነው። ፋብሪካው 174 ጊዜ በዚህ 17 ዲግሪ ጠርዝ ላይ ሄዶ ተመልሷል፤ ጠርዝ መሆኑ ግን አልታወቀም ነበር። 175ኛው ላይ ማቀዝቀዣው ሲደክም የመጀመሪያው ሪአክሽን ሙቀት ጋኑን ወደ 199 ገፋው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አራተኛው ተረከበው።

የአራተኛው ዓይነት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አለ። ብረት የኤተሩን ትስስር ስለሚሰብር ከሬዶክስ ይመደባል፤ ትልቅ ሞለኪውል ወደ ትንንሾች ስለሚሰበር መፈራረስም ይመስላል። ልክ ነው፣ ይመዝገብ። ለኦፕሬተሩ የሚያስፈልገው ግን ይህ ስም አልነበረም። የሚያስፈልገው «ይህ ጥንድ ከ199 በላይ ይነካካል፣ ጋዝ ይለቃል፣ ከመጀመሪያው ይበረታል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች።

ምልክቶች ነበሩ

ድርጅቱ ሥራውን የጀመረው በአንድ ሊትር የላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ በብዙ ሙከራ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ 9,300 ሊትሩ ተሻገረ። ስሌቱን ለማንም ማሳየት እወዳለሁ፦ መጠኑ 9,300 ጊዜ ሲያድግ የጋኑ ስፋትና ቁመት የሚያድገው 21 ጊዜ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም 21 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ወደ 9,300 ስለሚጠጋ። ሙቀቱ የሚመነጨው ከመላው ፈሳሽ ነው፣ የሚወጣው ግን በግድግዳው ብቻ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ግድግዳ 21 ጊዜ አንሷል። የሪአክሽኑ ዓይነት አልተለወጠም፣ እኩልታው አልተለወጠም፤ በላቦራቶሪ ዕቃው ጎን በቀላሉ ያመልጥ የነበረ ሙቀት ግን አሁን የሚሄድበት አጣ።

ይህ እንዲሁ ወረቀት ላይ ያለ ስጋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ትልቁ ጋን ሥራ ሲጀምር አንደኛው፣ አምስተኛውና አሥረኛው ዙር ላይ ሙቀቱ ካልተጠበቀ ከፍታ ደርሶ ነበር። ባለቤቶቹ አሠራሩን አስተካከሉ፣ ሙቀቱ ረገበ፣ ምርቱ ቀጠለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 በ42ኛው ዙር ላይ የእያንዳንዱን ዙር መጠን በአንድ ሦስተኛ አሳደጉት።

በእኔ እይታ ከሁሉ የሚያሳስበው ይሄ ነው፣ ፍንዳታው ራሱ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጋኑ «እዚህ ውስጥ እናንተ ከጻፋችሁት በላይ ሙቀት አለ» ብሎ ተናግሯል። ጥያቄው «እንዴት እናብርደው» ሆነ፤ «ይህ ተጨማሪ ሙቀት የየትኛው ሪአክሽን ነው» አልሆነም። የመጀመሪያው ጥያቄ የኦፕሬተር ጥያቄ ነው፣ ሁለተኛው የኬሚስት።

ማስተንፈሻው

ጋኑ አናት ላይ ግፊት ሲበዛ ተቀዶ ጋዙን የሚያስተነፍስ ስስ የብረት ዲስክ ነበረው። ዲስኩ እንዲቀደድ የተደረገው በ400 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከአየር ግፊት 27 እጥፍ ገደማ ላይ ነው። ይህ ቁጥር የተወሰነው በመደበኛ ሥራ ላይ የሚወጣውን ሃይድሮጅን በማሰብ ነበር። አራተኛው ሪአክሽን በስሌቱ ውስጥ አልነበረም፤ በእኩልታው ያልነበረ እንዴት በስሌቱ ይኖራል?

የቦርዱ ሙከራ ያሳየው ነገር ልብ ይሰብራል። ዲስኩ በ75 ፒኤስአይ እንዲቀደድ ቢደረግ ኖሮ አደጋው ሊቀር ይችል ነበር። እንዴት? ግፊቱ ዝቅ ሲል ፈሳሹ ቀድሞ ይፈላል፣ መፍላት ደግሞ ሙቀት ይበላል። የመጀመሪያው ሪአክሽን እየገነፈለ ያለውን ሙቀት እንፋሎቱ ይዞት ይወጣና ጋኑ 199 ላይ ሳይደርስ ይረጋል። በ400 ግን ክዳኑ ተጠብቆ ፈሳሹ እንዳይፈላ ይታፈናል፣ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ዲስኩ ሲቀደድ አራተኛው ከነቃ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማስተንፈሻ የሚወጣ ጋዝ ጋኑን ሊያድነው አይችልም።

ከዲስኩ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። በዲዛይኑ ወቅት አንድ አማካሪ የአደጋ ትንተና መሠራት እንዳለበት ጠቁሞ ነበር። መርማሪዎቹ ትንተናው መሠራቱን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ አላገኙም።

ሠንጠረዡ

ይህን ጉዳይ ካነበብን በኋላ ተማሪዎቼን የማሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በጋኑ ውስጥና ዙሪያ ያለውን ሁሉ እንዲዘረዝሩ አደርጋለሁ፦ ሶዲየም፣ ቀለበቱ፣ ዳይግላይም፣ የሚፈጠረው የሶዲየም ጨው፣ ሃይድሮጅን፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ውሃ። ስድስት ናቸው። ስሞቹን በቁመትም በአግድምም ጽፈው ሠንጠረዥ ይሠራሉ። ስድስት ነገሮች 15 ጥንድ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሲሞቅ ምን ይሆናል የሚለው ሲጨመር 21 ሳጥን ይሆናል። የፋብሪካው እኩልታ ከ21ዱ የሚሞላው አንዱን ነው።

የቀሩትን 20 መሙላት ሲጀምሩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሶዲየምና ውሃ ያለበትን ሳጥን ሁሉም ወዲያው ይሞሉታል፤ «ነጠላ ምትክ፣ አደገኛ» ይጽፋሉ፣ አንዳንዱም ከስሩ ሁለት መስመር ያሰምራል። የሶዲየሙ ጨውና ውሃ የሚለውን ትንሽ ቆመው ያስቡበታል፤ ጥሩዎቹ ጨው ውሃውን ፕሮቶን ነጥቆ ተመልሶ ቀለበት እንደሚሆን ይደርሱበታል፣ የአሲድና ቤዝ ነገር መሆኑም ይገባቸዋል። ሃይድሮጅንን ከሶዲየም ጋር ሲያዩ ሶዲየም ሃይድራይድ ትዝ ይላቸዋል፣ ውህደት ነው። ሶዲየምና ዳይግላይም የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛው «የለም» ብሎ ይጽፋል፤ «ኤተር ከሶዲየም ጋር ምንም አይሆንም» ብለው። ጉዳዩን ከአሥር ደቂቃ በፊት አንብበውት ነው ይህን የሚጽፉት።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ደንብ ጨምሬአለሁ። «የለም» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ «እስከ ስንት ዲግሪ ድረስ የለም» ተብሎ መጻፍ አለበት፣ ቁጥሩ ካልታወቀ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ በቀይ ይከበባል። በቀይ የተከበበ ሳጥን ሙከራ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ቦርዱ በኋላ እንዳደረገው በትንሽ ጣሳ፣ ሙቀቱ እየተለካ። ይህች ደንብ ከገባች ወዲህ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚጠናቀቅ ሠንጠረዥ አይቼ አላውቅም። ተማሪዎች ያጉረመርማሉ፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

ቦርዱ ሪፖርቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 ነው። ምክረ ሐሳቡ ለፋብሪካዎች ብቻ አልነበረም፤ ወደ ትምህርት ቤትም ሄዷል። የአሜሪካ ኬሚካል መሐንዲሶች ማኅበርና የምህንድስና ትምህርት እውቅና የሚሰጠው ድርጅት፣ ንቁ ኬሚካሎች የሚያመጡት አደጋ በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ በጋራ እንዲሠሩ ጠየቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኬሚካል ምህንድስና ፕሮግራሞች መስፈርት ተሻሽሎ፣ ስለ ኬሚካላዊ ሂደቶች ዲዛይን፣ ትንተናና ቁጥጥር በሚናገረው ዓረፍተ ነገር ጭራ ላይ አንድ ሐረግ ተጨመረበት፦ ከእነዚህ ሂደቶች ጋር የተያያዙ አደጋዎችንም ጨምሮ።